አሥራ አራተኛው በር

በሳቫ ወንዝ ዳር ላይ የአንድ በር ጠባቂ፣
ዘንግ ተነካ፣ አልተነካ፣ ያንን ብቻ አዋቂ፤
ሃያ ሦስት ዓመቴ በዚህች ወንበር ላይ፣
ማጨብጨብ ክልክል ነው፤ የተቀመጥሁት ላይ።

ዢቫ መጀመሪያ ካውቶቡስ ስትወርድ
የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ባንድ ጫማ ስትሄድ፣
«ሌላውስ?» ቢላት አሰልጣኙ ያንኮ
«የቱ ሌላው?» አለች፤
ዓይኗ ከዳክዬ ጋር ተሻግሯል እኮ።

ስሟ «ሕያው» ማለት ነው፣ በሀገራችን ቋንቋ፤
ክፍል ውስጥ ግን ሕያውነት ሆነ የእሷ ጠንቋ።
ደብተሯ ኅዳግ ላይ በቀይ ተጻፈባት፦
«መስኮት ታያለች»፣ «ወንበር አይበቃት»፣
«ጎበዝ ትሆን ነበር፣ ብትቀመጥ ኖሮ»፤
እናት አነበበች፣ አንገቷ ተሰብሮ።

ሉብሊያና ሄደው ሐኪም ነገራቸው፤
ኤዲኤችዲ አለ፤ አምስት ፊደል ናቸው።
ስም ማግኘቱ ራሱ ትንሽ አሳረፈ፤
የራስ ቁሯን ግን ያን ቀን
ባቡር ይዞት ከነፈ።

ወንዙን ልንገራችሁ።
ሌሎቹ ቀዛፊዎች ዳር ዳሩን ሄደው
በባዶ እጃቸው አየሩን ቀዝፈው
መንገዱን ሸምድደው፣ ዓይን ጨፍነው ደግመው፣
ውሃው ይገባሉ፣ ባጠኑት ታምነው።
ውሃው ግን አላጠናም።
ትናንት የተኛበት ዛሬ ይነሣበታል፣
ያልነበረ አዙሪት ከሥር ይከፈታል፣
ያጠና ሰው እዚያ ቃል እንደ ጠፋበት ደብተራ
አፉን ይከፍታል፣ መቅዘፊያው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቶ።

እሷ ግን ድሮም ቢሆን የምትኖረው እዚያ ነው።
የዝንብ ክንፍ፣ የሩቅ በር፣ የጎረቤት ሳል፣
ወንበሯ ላይ ሳለች ሁሉም እኩል ይጮኻል፤
ካያኳ ውስጥ ግን ጩኸት ሥራ ላይ ይውላል፦
ነጩ አረፋ «ግራ!»፣ ጥቁሩ «ጠብቂ!»፣
ከመቅዘፊያው ሥር ያለው «አሁን ልቀቂ!»
ዘጠና አራት ሴኮንድ።
በዓለም ላይ ያላት ጸጥታ ይኸው ነው።

የዘንድሮው ፍጻሜ፤ ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፣
ሳቫ ደፍርሶ ጠግቦ ይጋፋል ከዳር።
ቀይ ነው የእኔ በር፤ ከታች ወደ ላይ፣
ወንዙን ገፍቶ መግባት፣ ዞሮ መውጣት እንጂ
ሌላ መንገድ የለው።
ጀርመኗም ቼኳም እዚህ ሲደርሱ
ሁለት ሁለት ጣቶቼ እየተነሡ
ሁለት ሁለት ሴኮንድ በላሁባቸው።

ዢቫ መጣች።
ማዕበሉ ጅራቷን መታና አዞራት፤
ያጠናችው መስመር ከእጇ አመለጣት፤
(ያጠናችው ከሆነ። ያንኮ ይጠራጠራል።)
ሌላ ሰው ያስባል፤ ሐሳብ ጊዜ ይበላል።
እሷ ግን በጀርባዋ ሾልካ ገባችበት፣
በቁሯና በዘንጉ መሃል ፀጉር በማይገባበት።
ዘንጉ ቀጥ እንዳለ። ጣቴን አላነሣሁ።
እጄን፣ እንዳያሳጣኝ፣ ከጭኔ ሥር ቀበርሁ።

ጋዜጠኛው መጣ፦ «እንግዲህ በሽታሽ
ጸጋ ሆነ ማለት ነው? አንቺስ ምን ትያለሽ?»
የማይኩን ሽቦ በጣቷ እየጠቀለለች
«ጸጋስ አትበሉት» አለች።
«ጸጋ ብቻ ቢሆን ኖሮ
ኪራይ ረስቼ ባልተባረርሁ ዘንድሮ።
የእህቴን ሠርግ ያሳለፍሁት በር ላይ ቁልፍ ስፈልግ ነው።
መድኃኒቴ በፈቃድ ነው፤ ቅጹን ያንኮ ባይሞላው
እስካሁን ታግጄ ነበር።
ግን በየቀኑ ሺህ ድምፅ በሺህ ስም ይጠራኛል፤
ውሃው ላይ ሲሆን ሺሁም ባንድ ስም...
ጥያቄው ምን ነበር?»

ማታ ዘንጎቹን ሳወርድ፣ ከአኻያው ቅርንጫፍ
ወርቁን አገኘሁት፣ ሲወዛወዝ ከጫፍ፤
ሸሚዝ ስትለውጥ ሰቅላው ነው የሄደች።
ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ኪሴ ውስጥ፤ አልጠየቀች።
ጠዋት ጉም ሳይነሣ ስትቀዝፍ አየኋት፣
ሜዳሊያውን ይዤ ከዳር ሆኜ ጠራኋት፤
አልሰማችኝም።
ውሃው ቀድሞኝ ጠርቷት።